ከወንዙ ወዲህ

ግሌኒስ ተንበርክካ የሠላሳ ሰባተኛውን ሳጥን ክዳን ትፈታለች። ብሎኑ ዝጎ እንጨቱን ነክሶ ይዟል፤ ካቻቢቴው ሁለት ጊዜ አዳለጣት። በሦስተኛው በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ክብደቷን ሁሉ ጥላበት ስትጠመዝዘው ሲጥ ብሎ ዞረ።

ክዳኑን አነሳች። ወጥመዱ እንደተወጠረ ነው። ከጀርባው ያለፈው ወር እንቁላል ተቀምጧል፤ ማንም አልነካው። አውጥታ ወደ ጫካው ወረወረችው። ሲፈርጥ አልሰማችም፤ ሽታው ግን ቆይቶ ደረሳት። ከምሳ ዕቃዋ ውስጥ በጨርቅ ከጠቀለለቻቸው አራት እንቁላሎች አንዱን አውጥታ በቦታው አኖረች፣ ክዳኑን መለሰች፣ ብሎኑን አጠበቀች። ከዚያ እርሳሱን ከጆሮዋ ላይ አንስታ ካርዱ ላይ «37፣ ባዶ፣ እንቁላል ተቀይሯል» ብላ ጻፈች። በአንድ ቀን ሠላሳ ስድስት ጊዜ የጻፈችው ዐረፍተ ነገር ነው።

አሁን የቀረው መነሳት ነበር። ግራ ጉልበቷ ለመነሳት ፈቃድ እንደሚጠየቅ ሽማግሌ ሆኗል። በትሯን ተደግፋ፣ ቀኝ እግሯን አስቀድማ፣ ዛፉን ይዛ ቆመች። ዝናቡ ከሰዓት በፊት ቆሟል፤ ቅጠሉ ግን ገና አላባራም። ከጧቱ ሁለት ሰዓት ጀምራ ስትራመድና ስትንበረከክ ነው የዋለችው። ስልሳ ስድስት ዓመቷ ነው።

ከመኪናው መንገድ መጨረሻ እስከ ጎጆው አርባ ሳጥን አለ፤ ሁሉም የዋይቶሬን ወንዝ ተከትሎ የተቀመጠ። ስቶት የሚሏት ከፋሮ የምታንስ ቀጭን አውሬ የወንዙን ሰማያዊ ዳክዬዎች ከነእንቁላላቸው ልትጨርሳቸው ነበር፤ ሳጥኖቹ የተሠሩት ለእሷ ነው። የአካባቢው ሰው መስመሮቹን ተከፋፍሎ በየወሩ እየሄደ ያድሳል። ይህኛው መስመር የግሌኒስና የባሏ የዴስ ነበር። ዴስ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲህ የግሌኒስ ብቻ ሆነ፤ ብቻዋን ስትሄድ ደግሞ በሻንጣዋ ማንገቻ ላይ ቢጫዋን ታንጠለጥላለች።

ቢጫዋ የሚሏት መዳፍ የምታህል የሳተላይት መልእክት መላኪያ ናት። ከመኪናው መንገድ ጀምሮ ስልክ የሚባል ነገር አይሠራም፤ ቢጫዋ ግን ሰማይ እስካየች ድረስ ቃል ትልካለች፣ ቃልም ትቀበላለች። ሦስት የተዘጋጁ መልእክቶች አሏት። አንደኛው «ጎጆው ደርሻለሁ፣ ደህና ነኝ» ይላል። ሁለተኛው «ዘግይቻለሁ፣ ግን ደህና ነኝ» ይላል። ሦስተኛው «መጥታችሁ ውሰዱኝ፣ ለሕይወት ግን አያሰጋም»። ከጎኗ፣ በትንሽ ክዳን ሥር፣ ሰው ሊሞት ሲል ብቻ የሚጫነው ቁልፍ አለ። እሱን ግሌኒስ ነክታው አታውቅም።

ደንቡ ቀላል ነው። በመስመሩ ላይ ያለ ሰው በየምሽቱ እስከ አንድ ሰዓት ድረስ ቃል ይልካል። የግሌኒስን ቃል የምትቀበለው የዴስ እኅት ኖላ ናት። አንድ ሰዓት ሞልቶ ቃል ካልመጣ ኖላ የወጥመዱን ሥራ ለሚመራው ለታማቲ ትደውላለች፣ ታማቲ ለሄሊኮፕተሩ ይደውላል።

ያለፈው ወር እንዲያ ነበር የሆነው።

ያን ምሽት ግሌኒስ በጊዜ ጎጆው ደርሳ አንደኛውን መልእክት ተጫነች፤ ከዚያ መሄዱን ሳታረጋግጥ ቢጫዋን ሻንጣዋ ውስጥ ላብ ከጠጣው ልብሷ ሥር ወሸቀቻት። ቃሉ አልሄደም። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሄሊኮፕተሩ በጎጆው ደጃፍ ሣሩን እያስተኛ ወረደ። ቀይ ቆብ ያደረገ ወጣት በሩን ከፍቶ ሲገባ ግሌኒስ እግሯን ድስት ውስጥ ዘፍዝፋ ሾርባ እየጠጣች ነበር።

ወጣቱ ድስቱን አየ፣ እግሯንም አየ። «እማማ፣ እግር የሚያጥብ ሰው ፈልገሽ ነው?» አላት።

እንዲህ ያለ ነገር በከተማዋ ሁለት ቀን አይደበቅም። በከንቱ ሄሊኮፕተር ያስነሣ ሰው የፍራፍሬ ኬክ ጋግሮ ወደ ነፍስ አድን ሠራተኞቹ አዳራሽ ይወስዳል፤ ልማዱ ነው። ግሌኒስም ጋግራ ወሰደች። ታማቲ ሁለት ቁራጭ በላ። በጫካ ሥራ ያደገ፣ ትከሻው በር የሚሞላ ሰው ነው፤ ትላልቅ ሴቶችን ሁሉ አክስቴ ነው የሚለው።

«አክስቴ፣ ኬክሽ ይጣፍጣል» አላት ፍርፋሪውን ከጢሙ ላይ እያራገፈ። «በየወሩ ግን ልበላው አልፈልግም። አንዴ ከተደገመ መስመሩ በሁለት ሰው ይሆናል። የሚያምር ጫማ ያደረገ አንድ የከተማ ልጅ ይመጣና ከኋላሽ እየሄደ ስለ ቴሌፎኑ ያወራልሻል።»

ሰዎቹ ሳቁ። ግሌኒስም ሳቀች። ወደ ቤት ስትመለስ ግን ለኖላ ደውላ፣ «አሥር ደቂቃ ብትታገሺ ምን ነበረበት?» አለቻት።

«ሰዓት ሰዓት ነው» አለች ኖላ።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ የሚነጋገሩት ስለ አየሩና ስለ ጎመኑ ነበር። አኩርፈዋል እንዳይባል ይነጋገራሉ፤ ታርቀዋል እንዳይባል ደግሞ ከአየሩና ከጎመኑ አያልፉም።

ግሌኒስ ወንዙን ከማየቷ በፊት ሰማችው። ጫካው አልቆ ጠጠሩ ላይ ስትወጣ ደግሞ አየችው። ጧት ከታች በኩል ስታልፈው ጠርቶ ወለሉን ያሳይ ነበር፤ አሁን ወተት የበዛበት ሻይ መስሏል። እዚህ የቆመው ዝናብ ከላይ፣ ተራራው ራስ ላይ፣ አልቆመም ነበር ማለት ነው። በማዶ ዛፍ ላይ የተመታችው ብርቱካናማ የመሻገሪያ ምልክት ቁልጭ ብላ ትታያለች። ከምልክቷ እስከ ጎጆው ሃያ ደቂቃ ነው። ሳጥን ሠላሳ ስምንት፣ ሠላሳ ዘጠኝና አርባም እዚያው ናቸው። ደረቅ አልጋ፣ ምድጃ፣ ለሰማይ የተከፈተ ደጃፍም።

ሰዓቷን አየች። ለአሥራ ሁለት አሥር ጉዳይ ነው። በዚህ ወር ብርሃኑ እስከ ማታ ሦስት ሰዓት አይሄድም፤ የቸገራት ብርሃን አይደለም። የቸገራት አንድ ሰዓት ነው።

ቢጫዋን ፈትታ ጠጠሩ ላይ አስቀመጠቻት። ሸለቆው እዚህ ጋ ጠባብ ነው፤ በሁለቱም በኩል ገደሉ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሰማዩን እንደ ኩታ ጥለት ቀጭን አድርጎታል። መስኮቷ ላይ ክብ ምልክቱ ይዞራል፣ ይዞራል። አሥር ደቂቃ ጠበቀች። ነካሾቹ ጥቃቅን ዝንቦች አንገቷን አገኙት። ክቡ መዞሩን አልተወም።

ተነስታ ወንዙን እንደገና አየችው። ወገብ አይደርስም፣ አለች ለራሷ። ምናልባት ጭን። ዴስ ከዚህ የባሰውን ተሻግሯል። እሷም ከዴስ ጋር ክንዷን አቆላልፋ ከዚህ የባሰውን ተሻግራለች፤ ግን ክንድ ነበር። በትሯን አጠበቀች። ብትወድቅ ሻንጣው ይዟት እንዳይሰምጥ የወገቡን ማሰሪያ ፈታች። ማሰሪያውን ስትፈታ እጇ ማንንም አላማከረም።

ገባች። ቅዝቃዜው ቁርጭምጭሚቷን እንደ ሽቦ አሰራት። ሁለት እርምጃ፣ ጉልበት። ውሃው ከላይ ሲታይ ዝርግ ነበር፤ ከውስጡ ሲቆሙበት ግን ተደግፎ የሚገፋ ሰው ነው። ሦስት እርምጃ፣ ጭን። ያኔ ከወንዙ ድምፅ በታች ሌላ ድምፅ ሰማች። ግድግድ የሚል፣ ከምድር ውስጥ የሚመጣ፣ በጆሮ ሳይሆን በእግር አጥንት የሚሰማ። ድንጋይ ነው። ወንዙ ወለሉን እየነቀለ ይዞት ይሄዳል።

በዚህ አገር ይህን የማያውቅ ልጅ የለም። ድንጋዩ ሲያወራ ሰው አይገባም። ግሌኒስ ስንት የትምህርት ቤት ልጆችን እዚሁ ጠጠር ላይ አስቁማ አስተምራለች፤ «ዝም በሉና ስሙ» እያለች። ዛሬ እሷ አልሰማችም። ሰዓቷን ነበር የምትሰማው።

አንድ ድንጋይ እግሯን መታት። ትልቅ አልነበረም። በገበያ መሐል ቸኩሎ እንደሚያልፍ ሰው ገፋ አድርጓት ሄደ፤ ግራ ጉልበቷ ታጠፈ። በትሯ ላይ ተንጠለጠለች። በትሩ ተንቀጠቀጠ፣ ቆመ። ፊቷን ሳታዞር፣ እግሯን ሳታነሳ፣ እየጎተተች ወደ ኋላ ተመለሰች። አንድ። ሁለት። ጠጠሩ ላይ ስትደርስ ተቀመጠች፤ ወይም ጉልበቷ አስቀመጣት።

ከጫማዋ ውሃ ሲወርድ እያየች ብዙ ቆየች። አልቅሺ ቢሏት የምታለቅስ መሰላት፤ ግን ማን ይበላት። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። እሷን እያሳፈረ ሊወስዳት ነበር። ለዚያች አፍታ ከወንዙ ይልቅ የፈራችው ኬኩን ነው። ይህን ሳታፍር ለማሰብ እንኳ ደከማት።

አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ሆነ።

ከመሻገሪያው ጀርባ ባለፈው ክረምት ናዳ የወረደበት ገደል አለ። ናዳው ዛፉን ገፍፎ ቀይ አፈር ብቻ አስቀርቷል። ከላዩ ሰማይ ይታይ ይሆናል። ሻንጣዋን ዛፍ ሥር አኖረች፣ ቢጫዋን አንገቷ ላይ አሰረች፣ መውጣት ጀመረች። ሱሪዋ ከጭኗ ጋር ተጣብቋል። አፈሩ በእግሯ ሥር ይናዳል፤ ሦስት እርምጃ ወጥታ አንዱን ትመልሳለች። ሥር እየያዘች፣ አንዳንዴም በአራት እግሯ፣ ወጣች። መሐል ላይ ቆማ ግንባሯን አፈሩ ላይ አስደግፋ ተነፈሰች። አፈሩ የድንች ማሳ ይሸታል። እዚያው ብትተኛ ደስ ባላት።

ከጫፉ ስትደርስ ለአንድ ሰዓት አሥራ ሁለት ደቂቃ ቀርቷል። ሰማዩ ሰፊ ነው። ቢጫዋን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀመጠቻት፤ ክቡ ዞሮ ቆመ። ሳተላይት አገኘች።

በራስ ቃል መጻፍ ይቻላል፤ ግን ፊደሉ አንድ በአንድ በቀስት ቁልፍ እየተፈለገ ነው፣ አውራ ጣቷ ደግሞ እንጨት ሆኗል። የተዘጋጁት ሦስቱ ተደርድረው ይጠብቃሉ። ሁለተኛው ለዚህ ጊዜ የተጻፈ ነው፤ «ዘግይቻለሁ፣ ግን ደህና ነኝ»። ዓይኗ እሱ ላይ አረፈ። ግን ሁለተኛው ለኖላ ብቻ አይደለም የሚሄደው፤ በደንቡ ለታማቲም ይደርሳል። ታማቲ ይጠይቃል። ለምን ዘገየሽ? የት ነሽ? ውሃው ስንት ነው? ከዚያ ያ የሚያምር ጫማ ያደረገ ልጅ ከኋላዋ።

ደህና አይደለሁም ወይ? አለች በልቧ። ደህና ነኝ። ጎጆ ውስጥ ሆንኩ ዛፍ ሥር፣ ለማን ምን ይጎድለዋል? ነገ ውሃው ይወርዳል፣ ተሻግሬ ሥራዬን እጨርሳለሁ። ቢጫዋ ከቃሉ ጋር ቦታውንም እንደምትልክ ታውቃለች። ግን ኖላ ካርታ የምትከፍተው ቃል ሲጠፋ ነው። ቃል ከመጣ ሻይዋን ጠጥታ ትተኛለች።

አንደኛውን ተጫነች። «ጎጆው ደርሻለሁ፣ ደህና ነኝ።»

በዚህ ጊዜ አልቸኮለችም። ክቡ ሲዞር አየች። ለአንድ ሰዓት አራት ደቂቃ ሲቀረው ቢጫዋ ጢጥ አለች፤ ሄዷል። ግሌኒስ ዓይኗን ጨፈነች። ዕረፍት ነበር የጠበቀችው። የመጣው ግን ባዶ ሆድ ላይ እንደተጠጣ መራራ ሻይ ያለ ነገር ነው።

ለመውረድ ስትነሳ ቢጫዋ ዳግመኛ ጢጥ አለች።

«ጎጆው መቼ ነው ወንዙን የተሻገረው?»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሳታስበው ሳቀች፤ ሳቁ አፏ ላይ ቀዘቀዘ። ኖላ ያን አሮጌ ካርታ ወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ፣ ነጥቡን በእርሳስ ስታገኘው ታያት። ምን ብላ ትመልስ? መመለስ ሳትጀምር ሌላ መጣ።

«ወንዙ ውስጥ ገብተሻል? አዎ ወይም አይ።»

ግሌኒስ ተመልሳ ተቀመጠች። አውራ ጣቷን አፏ ውስጥ ከትታ አሞቀች። ከዚያ ፊደል በፊደል ፈለገች። «አዎ። እስከ ጭን። ወጣሁ።»

መልሱ ቆየ። ከታች ወንዙ ያጓራል፤ እዚህ ላይ ሲሰማ እንደ ሩቅ መንገድ ነው። ስትጠብቅ ኖላ አንድ ቀን ድንች እየላጠች የነገረቻት ነገር ትዝ አላት።

ኖላ ሠላሳ ዓመት የተራራው ሬዲዮ ድምፅ ነበረች። ቢጫ ነገር ባልነበረበት ዘመን በየጎጆው ያሉ አዳኞችና ቀያሾች በየምሽቱ በአንድ ሰዓት ሬዲዮ ይከፍታሉ፤ ኖላ የነገውን አየር ታነብላቸዋለች፣ ከዚያ ስማቸውን አንድ በአንድ ትጠራለች። አንድ ምሽት አጋዘን አዳኝ የሆነ ልጅ ከላይኛው ጎጆ «ሁለታችንም ደህና ነን» አላት። ኖላ «ደረሰኝ» ብላ ወደሚቀጥለው ስም አለፈች። ጓደኛው ግን ገና አልተመለሰም ነበር። አሁን ይመጣል ብሎ፣ ዘገየ ቢባል ሰው ይስቅበታል ብሎ ሸፈነለት። በማግስቱ ምሽትም ሸፈነለት። በሦስተኛው ቀን ወንዙ ራሱ ሬሳውን አወጣው። «ሁለት ሌሊት ደህና ተኛሁ» ነበር ያለችው ኖላ፣ ድንቹን ባልዲው ውስጥ እየጣለች።

ጢጥ።

«ዛሬ ማታ አንድ ነገር ብትሆኚ ጎጆ ውስጥ ናት ብዬ ተኝቼ ነበር። እስከ ነገ ማታ የሚፈልግሽ የለም። ታውቂዋለሽ።»

«አውቃለሁ» ብላ ጻፈች። ላከች። ያ ብቻውን ትንሽ ሆነባት። ግን ምን ይጨመርበታል? ጉልበቷን አሸች። ፀሐይዋ ከማዶው ገደል ጀርባ ገብታ አፈሩ ቀለሙን ቀየረ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት፣ ከዛሬው ሥራ ሁሉ ከባዱን እንደምትሠራ ሆና፣ መጻፍ ጀመረች። አራት ጊዜ ተሳስታ አጠፋች።

«ለታማቲ ንገሪው።»

«ምን ብዬ?»

«መግባቴን። መዋሸቴንም።»

«ብቻሽን አይለቅሽም።»

ግሌኒስ መስኮቷን ተመለከተች። ብቻዋን መሄድ። ሳጥን እየከፈቱ፣ ማንም ሳያወራ፣ ሳይጠይቅ፣ ሳያዝን። ሰው ቤቷ እየመጣ ፊቷን ሲያይ በኖረበት አራት ዓመት ውስጥ ማንም ፊቷን የማያይበት ይህ መንገድ ብቻ ነበር። ይህን ለኖላ በቀስት ቁልፍ መጻፍ አይቻልም፤ በአፍም አይቻልም።

«አውቃለሁ። ንገሪው። ደክሞኛል ኖላ።»

በዚህ ጊዜ መልሱ ፈጥኖ ደረሰ።

«እኔም። ደረቅ ልበሺ። ያለሽን ብዪ። በሁለት ሰዓት ቃል እፈልጋለሁ፣ ካልመጣ አሥር ደቂቃ ታግሼ እደውላለሁ።»

ግሌኒስ ወረደች። ከዛፉ ሥር ስስ የዝናብ ሸራዋን በገመድ ወጠረች፣ እርጥቡን አውልቃ ደረቁን ለበሰች፣ ዳቦ በቺዝ ቆማ በላች። በሁለት ሰዓት ያንኑ ናዳ እንደገና ወጣች፤ ሁለተኛው መውጣት ከመጀመሪያው ይበልጥ ከበዳት፣ ምክንያቱም አሁን የሚያስቸኩላት ነገር አልነበረም። «ዛፍ ሥር ነኝ። ደረቅ ለብሻለሁ።» ጻፈች፣ ጢጥታውን ጠበቀች፣ ወረደች። ሌሊቱ ብርድና ድንጋይ ነበር። ነጋ።

ወንዙ እስከ ረፋዱ አልጎደለም። ግሌኒስ ጠጠሩ ላይ ዱላ ተክላ የውሃውን ጠርዝ ምልክት አደረገችበት፣ ጀርባዋን ለግንድ ሰጥታ ጠበቀች። በስድስት ሰዓት ዱላው ከውሃው አራት እርምጃ ርቆ ቆሟል። ቀለሙ ጠርቶ አረንጓዴ ሆኗል። ዝም ብላ ሰማች። ውሃ ብቻ ነው የሚያወራው። ማሰሪያዋን ፈትታ ገባች፤ ከጉልበቷ ትንሽ አለፍ አለ፣ ከዚያ ጎደለ፣ ከዚያ ብርቱካናማዋን ምልክት በእጇ ነካቻት።

ሠላሳ ስምንት ባዶ ነው። ሠላሳ ዘጠኝ ውስጥ ስቶት ነበረች፤ ቡናማ ጀርባ፣ ነጭ ሆድ፣ የጅራቷ ጫፍ ጥቁር። ጥርሷ ተገልጧል። ግሌኒስ በጓንቷ አውጥታ ከመንገዱ ራቅ አድርጋ አኖረቻት፣ ወጥመዱን በሽቦ ብሩሽ ጠረገች፣ እንደገና ወጠረች። ዴስ ቢሆን አንድ ነገር ይላት ነበር፣ ለስቶቷ። እሷ ግን ክዳኑን መለሰች። አርባኛው ባዶ ነው። የመጨረሻዋን እንቁላል አኖረች። ካርዱን ሞላች።

ጎጆው ደጃፍ ላይ ሻንጣዋን ስታወርድ ቢጫዋ ጢጥ ጢጥ አለች፤ ከታማቲ ነው፣ ሁለት ተከታታይ መልእክት።

«አክስቴ፣ ኖላ ነገረችኝ። ጠዋቱን ሙሉ ስናደድ ዋልኩ። ገብተሽ ወጥተሻል። ገብተው ያልወጡትን እኔ ነኝ የምሸከማቸው። ይሄን አስቢ።»

«ራስሽ ስላስነገርሽኝ መስመሩን እንደ ድሮው ብቻሽን ያዢው። የተዘጋጁትን ሦስቱን ግን ስትመለሺ አጠፋቸዋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ በራስሽ ቃል ትጽፊያለሽ፤ የት ነሽ፣ ውሃው እንዴት ነው፣ ጉልበትሽ እንዴት ነው። ጉልበቱን አትዝለዪው። ኬክ አልፈልግም።»

ጉልበቱን ማን ነገረው? ግሌኒስ በሩ ደፍ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ፈታች። ደስታ የሚሆን ኃይል አልነበራትም። ጫማው ሲወጣ ግን ትከሻዋም አብሮ የወረደ መሰላት። ወደ መኪናው ዛሬ አትመለስም፤ እግሯ ቁርጡን ነግሯታል። ገብታ ምድጃውን አነደደች፣ ካልሲዎቿን ሰቀለች፣ ውሃ ጣደች። በጎጆው መዝገብ ላይ ስሟን ጻፈች፤ ከየት የሚለው ሥር «ከወንዙ ማዶ» አለች፣ ትንሽ አስባ «አድሬ» ብላ ጨመረችበት።

በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢጫዋን ይዛ ደጅ ወጣች። ሰማዩ ክፍት ነው። ደፉ ላይ ተቀምጣ የቀስቱን ቁልፍ ስትጫን አውራ ጣቷ ተሰንጥቆ ያማት ነበር። የተዘጋጀው አንደኛው መልእክት አሁንም እዚያው ከላይ ተቀምጧል፤ ቃል በቃል እውነት ሆኖ። ጎጆው ደርሻለሁ፣ ደህና ነኝ። አንድ ጊዜ ብትጫነው በቂ ነበር። አልፋው ወደ ባዶው ገጽ ሄደች።

«ጎጆ ነኝ። ውሃው ወርዷል፣ ጠርቷል። ግራ ጉልበቴ አብጧል፣ ይራመዳል። 40 ሳጥን፣ 1 ስቶት። ነገ ቀስ ብዬ እወጣለሁ።»

ሩብ ሰዓት ፈጀባት። ሾርባው ውስጥ ሲፈላ ይሰማታል፤ አልተነሳችም። ክቡ ዞረ፣ ቆመ፣ ዞረ። ጢጥ አለ። እሷም ቁጭ ብላ ቆየች፤ ምን እንደምትጠብቅ አታውቅም።

ሁለተኛው ጢጥታ መጣ። ከኖላ ነው፤ አንድ ቃል ብቻ።

«ደረሰኝ።»

ግሌኒስ ቢጫዋን ዘጋቻት። መስኮቷን በሸሚዟ ጠርጋ፣ በማንጠልጠያዋ ከበሩ ጎን ካለው ምስማር ላይ ሰቅላት፣ ሾርባው ሳይገነፍል ገባች።